ቀይዋን አረድን፣ ገብስማዋ ተነሳች

ይህን የምጽፈው ግቢው ውስጥ ጥቂት ዶሮ ላለውና ከመካከላቸው አንዷ ሌሎቹን እየነቆረች፣ እያሳደደች፣ ላባ እየነጨች ላስቸገረችው ሰው ነው። እኔ ደሴ ነው የምኖረው። ዶሮ መያዝ ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ብዙ አይደሉም። ልጆቼ የሚበሉትን እንቁላል ይሰጡኛል፣ የተረፈውን ለጎረቤት እሸጣለሁ። አምና ግን ከመጋቢት እስከ መስከረም ያየሁት ነገር በጣም አድክሞኛል። ያኔ አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ ቢነግረኝ ኖሮ አንዷ ዶሮዬ በከንቱ ባልታረደች፣ ሌላዋም ያን ያህል ባልተሰቃየች ነበር። ስለዚህ የሆነውን እንዳለ ልንገራችሁ።

ነገሩ የጀመረው ጾም ላይ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ የዶሮ ዋጋ እንደሚረክስ ታውቃላችሁ። ያኔ ስምንት ሴትና አንድ አውራ ዶሮ ነበሩኝ፣ ግማሾቹ ሳሶ የሚባለው የፈረንጅ ዝርያ፣ ግማሾቹ የሐበሻ። በቀን አምስት፣ አንዳንዴም ስድስት እንቁላል አገኝ ነበር። ሰኞ ገበያ ስሄድ ቆንጆ ቆንጆ ቄቦች አየሁ። ዋጋቸውም ደህና ነበር። አምስት ገዛሁና ይዣቸው ገባሁ። በዚያው ማታ ከነባሮቹ ጋር አንድ ቤት ውስጥ ለቀቅኳቸው። ትንሽ ቆይቶ እንቁላሉ ወደ ዘጠኝ፣ ወደ አሥር ከፍ ይላል ብዬ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት በቀን ሦስት ሆነ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እኔ ላይ ደረሰ።

የመጀመሪያዋ አስቸጋሪ ቀይዋ ነበረች። ሳሶ ናት፣ ትልቅ፣ ደረተ ሰፊ። አዲሶቹ ወደ መኖው ሲጠጉ አንገቷን ዘርግታ ትመጣና አናታቸውን ትነቁራቸዋለች። ቀኑን ሙሉ አጥር ጥግ ተጠጋግተው ይውላሉ። ባለቤቴ «ፋሲካ እየደረሰ አይደል? እሷን እንረድና እንገላገል» አለ። እኔም ተስማማሁ። ቀይዋ ለፋሲካ ታረደች። አሥር ቀን ያህል ሰላም ሆነ።

ከዚያ ገብስማዋ ተነሳች።

ገብስማዋ የሐበሻ ዶሮ ናት። ከቀይዋ በጣም ታንሳለች። እስከዚያን ጊዜ ድረስ መኖሯንም ልብ ብዬ አላውቅም ነበር። እሷ ግን ከቀይዋ ባሰች። ቀይዋ አንዴ ነቁራ ትመለሳለች። ገብስማዋ ትከተላለች። የምትሸሸዋን ግቢውን ዙሪያ አሳድዳ፣ ጥግ አስይዛ፣ ላባዋን በአፏ ይዛ ትነጫለች፣ አንዳንዴም የነጨችውን ትውጠዋለች። በተለይ ከአዲሶቹ አንዷን፣ ነጯን፣ አልለቅም አለች።

ሰኔ ውስጥ አንድ ጠዋት በሩን ከፍቼ ስቆጥር አንድ ጎደለ። ሸለምጥማጥ የበላት መስሎኝ ደነገጥኩ። ስፈልግ ነጯን ከውሃው ጀሪካን ጀርባ አገኘኋት። ጭንቅላቷን በጀሪካኑና በግድግዳው መሃል ሰክታ ቆማለች። ከአናቷ ጀርባ እስከ አንገቷ ድረስ ላባ የለም። ቆዳው ቀልቶ አብጧል። ደሙ በነጩ ላባዋ ላይ ወርዶ ደርቋል። ዶሮ ስትያዝ እንዴት እንደምትንፈራገጥ ታውቃላችሁ፣ እሷ ግን ሳነሳት ዝም ብላ እጄ ላይ ተኛች። ደረቷን ስዳስሰው አጥንቷ እንደ ቢላ ስለት ሾሏል። ስንት ቀን ሳትበላ እንደቆየች እግዜር ይወቅ። በየቀኑ መኖ እየሰጠሁ፣ ሁሉም በልተዋል እያልኩ በሩን እዘጋ ነበር እኮ። እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የማልተወው ልማድ አለኝ። ማታ ቆጥ ላይ ከወጡ በኋላ እገባና ደረታቸው ላይ እህል የሚጠራቀምበትን ቦታ አንድ በአንድ እዳስሳለሁ። የበላች ዶሮ እዚያ ጋ ሞላ ብላ ትገኛለች። ባዶ ከሆነች ወይ ታማለች ወይ ከመኖ ተከልክላለች። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ላባ ከመነጨቱና ደም ከመታየቱ በፊት ችግሩን የሚነግራችሁ ይኸው ነው።

ቁስሉን እንዲህ አከምኩት። ውሃ አፍልቼ፣ ትንሽ ጨው ጨምሬ፣ ለብ ሲል በንጹሕ ጨርቅ አጠብኩላት። ከዚያ ጂቪ የሚባለውን ሐምራዊ የቁስል መድኃኒት ቀባኋት። ጂቪው ቁስሉን ከማድረቅ በላይ ሌላ ጥቅም አለው፣ ቀዩን ይሸፍነዋል። ዶሮ ቀይ ነገር ካየች መንቆሯን አትተውም። አንዷ ደም ካየች ሌሎቹም፣ ከዚያ በፊት ክፋት የማያውቁትም ጭምር፣ ይሰበሰቡባታል። ስለዚህ የደማች ዶሮ በምንም ዓይነት ከሌሎቹ ጋር አትደር። ቁስሉ ከሸተተ ወይም ትል ካያችሁበት ደግሞ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዷት። መድኃኒት ከሰጧት እንቁላሏን መብላት የምትችሉት መቼ እንደሆነ ሳትጠይቁ አትመለሱ።

አሁን ስለ ገብስማዋ። ያደረግኳቸውን ስህተቶች ልዘርዝር፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሞክረው እነዚህኑ ነው።

በመጥረጊያ መታኋት። ነጯን ስትነቁር ባየሁ ቁጥር እየሮጥኩ እመታታለሁ። ዶሮ ግን ለምን እንደተመታች አታውቅም። የባሰ ደንባራ ሆነች፣ ሌሎቹም እኔን ሲያዩ መሸሽ ጀመሩ። ቀጥሎ እግሯን በገመድ አሰርኳት። ገመዱ እግሯ ላይ ተጠምጥሞ ሊቆርጣት ደረሰ፣ መሸሽ ስላልቻለች ደግሞ ሳሶዎቹ እሷኑ ነቆሯት። አንድ ዘመዳችን «የአፏን ጫፍ በምላጭ ቁረጪው፣ ትተዋለች» አለኝ። ይህን እንኳ አላደረግኩትም፣ እናንተም እንዳታደርጉት። በትልልቅ እርባታ ቤቶች ጫጩት ሳሉ ሥራውን የተማረ ሰው በመሣሪያ የሚሠራው ነገር ነው። የዶሮ አፍ እንደ ጥፍር የደረቀ ይመስላል እንጂ ውስጡ ደምም ነርቭም አለው። ያደገች ዶሮ አፏ ቤት ውስጥ ከተቆረጠ ትደማለች፣ ያማታል፣ መብላትም ታቆማለች።

ትልቁ ስህተቴ ግን ነጯን ብቻ ለይቼ ገብስማዋን እዚያው መተዌ ነበር። ቁስሏ እስኪድን መለየቱ ግድ ነው፣ እሱ ላይ አልተሳሳትኩም። አሥር ቀን እቃ ቤት አስቀምጬ፣ ስትድን በጠራራ ፀሐይ አምጥቼ መሃላቸው ለቀቅኳት። ገብስማዋ እስክትጠጋት ድረስ አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። በዚህ ጊዜ ብቻዋንም አልነበረችም፣ ሦስት ሆነው ተነሱባት።

ያን ዕለት ጎረቤታችን እማማ መጡ። እማማ ከቦሩ ሜዳ ወዲያ ካለ ገጠር ተወልደው ያደጉ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዶሮ ያረቡ እናት ናቸው። ጾም ላይ እንቁላሌን የሚገዙኝም እሳቸው ናቸው። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ «አብሽሪ የኔ ልጅ» አሉኝ። «አንቺ እኮ ተበዳይዋን ነው ያባረርሻት። ቤቱን ለበዳይዋ ለቀሽላታል። ገብስማይቱን አምጫት፣ እኔ ጋ ትሰንብት።»

በዚያው ማታ ወስደው ጓሯቸው ውስጥ ትልቅ ቅርጫት ደፉባት። ውሃና እህል እየሰጡ ስድስት ቀን አቆዩልኝ። የእኔን ዶሮዎች አታይም፣ እነሱም አያዩዋትም። ይህ ነው ቁም ነገሩ። ከዚያ በፊት እኔም አንድ ቀን ግቢዬ ውስጥ በሽቦ ለይቻት ነበር፣ ግን ቀኑን ሙሉ በሽቦው ቀዳዳ ታያቸው ስለነበር ስለቃት ካቆመችበት ቀጠለች።

ለምን እንደሠራ የገባኝ በኋላ ነው። ዶሮዎች መሃል ደረጃ አለ። አንደኛዋ ሁሉንም ትነቁራለች፣ ሁለተኛዋ ከአንደኛዋ በቀር ሁሉንም፣ እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻዋ ይወርዳል፣ የመጨረሻዋ ማንንም አትነቁርም። ቶርሊፍ ሼልደሩፕ ኤቤ የሚባል ኖርዌያዊ ከልጅነቱ ጀምሮ ዶሮዎቹን ማን ማንን እንደሚነቁር እየተከታተለ ሲመዘግብ ኖሮ፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1921 የዶክትሬት ጽሑፉን የሠራው በዚሁ ጉዳይ ነው። ደረጃው አንዴ ከተደላደለ ጠቡ ይበርዳል። አዲስ ዶሮ ሲገባ ወይም ከላይ ያለችው ስትወጣ ግን ሁሉም ነገር እንደገና ይደለደላል። እኔ ደግሞ በሁለት ወር ውስጥ ሁለቱንም አደረግኩ። አምስት አዲስ አስገባሁ፣ ከላይ የነበረችውን ቀይዋን አረድኩ። የቀይዋን ቦታ ገብስማዋ ወሰደችው። እሷንም ባርዳት ኖሮ ሌላዋ ትወስደው ነበር።

ገብስማዋ ስድስት ቀን ስትርቅ የቀሩት ያለ እሷ ተደላደሉ። ስትመለስ እንግዳ ሆነች። የመለስናት በጨለማ ነው፣ ሁሉም ቆጥ ላይ ተኝተው ሳለ ዳር ላይ ቀስ አድርገን አስቀመጥናት። ጨለማ ላይ ዶሮ አትደባደብም። ነጯንም በዚያው ሰሞን ማታ ነው ያስገባኋት፣ ገብስማዋ ከመመለሷ ሦስት ቀን ቀደም ብዬ። ሲነጋ ማልጄ በሩን ከፈትኩና የማሽላ ጥሬ ግቢው ሁሉ ላይ በተንኩ፣ ሥራ እንዲያገኙ። ቆሜ አየሁ። አንዷ ሳሶ ወደ ገብስማዋ መጣችና አናቷን ነቆረቻት። ገብስማዋ አንገቷን ቀብራ ዞር አለች። ነጯ ከሁለት ሜትር ርቀት ላይ ሆና ጥሬዋን ትለቅማለች። እንዲያ ተረጋግታ ስትበላ ካየኋት ስንት ጊዜ ሆኖኝ ነበር!

እማማ ግን በዚህ አላበቁም። «አሁን ቤታቸውን አሳዪኝ» አሉ። ገብተው ዙሪያውን አዩና «እዚህ ውስጥ እኔም ብሆን እጣላለሁ» አሉኝ።

ልክ ነበሩ። ቤቱ ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር ነው፣ ማለትም ሁለት ካሬ ሜትር። ዘጠኝ ሳሉ ይበቃቸው ነበር። አሥራ አራት ሲሆኑ ለአንድ ካሬ ሜትር ሰባት ዶሮ መጣ። አራት፣ ቢበዛ አምስት ነው የሚመከረው። በጋ ላይ ቀኑን ሙሉ ውጭ ስለሚውሉ ጥበቱ አልታየኝም። ሐምሌ ሲገባ ግን የደሴን ክረምት ታውቁታላችሁ። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም ግቢውን ይሞላዋል፣ ዝናቡ አያባራም፣ ዶሮዎቹም ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ ተጨናንቀው ይውላሉ። የምትሸሽ ዶሮ መሸሻ ከሌላት የምትነቁረው አታቆምም። ስለዚህ ባሕር ዛፍና ቆርቆሮ ገዝተን በአንድ ሜትር አስረዘምነው። ማስፋት የማይችል ሰው ቁጥሩን ይቀንስ፣ ሌላ አማራጭ የለም። ውጭም ቢሆን ከዝናብ የሚያስጠልል አንድ ቆርቆሮ ነገር አቁሙላቸው። ግቢው ባዶ ሜዳ እንዳይሆን ደግሞ አንድ ሁለት ቦታ ሳንቃ ወይም አሮጌ በር አጋድሙበት። ተሳዳጇ ከኋላው ዞራ ከዓይን ከተሰወረች ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚያው ያልቃል።

ቆጡም ሌላ ችግር ነበረው። ሁለት እንጨት፣ አንዱ ከፍ ያለ፣ አንዱ ዝቅ ያለ። ሁሉም የላይኛውን ይፈልጋሉ፣ ማታ ማታ እዚያ ላይ ነው ጦርነቱ። አሁን ሁለቱም እኩል ከፍታ ላይ ናቸው። ለአንድ ዶሮ 20 ሳንቲሜትር ያህል አስቡላት።

መኖው ላይ ደግሞ የነበረኝ አንድ ገበቴ ነው። አንዲት ክፉ ዶሮ አንድ ገበቴ መጠበቅ ትችላለች። ሦስት አትችልም። ጀሪካን በቁመቱ ለሁለት ሰንጥቄ ሦስት መመገቢያ ሠራሁና አራርቄ፣ አንዱ ጋ ሆና ሌላውን እንዳታይ አድርጌ አስቀመጥኳቸው። ውሃውንም ሁለት ቦታ። በእውነት ካደረግኳቸው ነገሮች ሁሉ በጣም ርካሹና በአንድ ቀን ለውጥ ያየሁበት ይኸኛው ነው። ዛሬ አንድ ነገር ብቻ ማድረግ ከቻላችሁ ይህንን አድርጉ።

ስለ መኖው ዓይነት ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ገብስማዋ ላባ የምትውጠው ለምን እንደሆነ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። መኖ ሲወደድብኝ የተዘጋጀውን የእንቁላል ጣይ መኖ ትቼ በቆሎና ፉርሽካ ብቻ እሰጣቸው ነበር። ሆዳቸው ይሞላል፣ ግን ፕሮቲኑ አይበቃቸውም። ላባ ከሞላ ጎደል ፕሮቲን ነው። ከመኖው ያጣችውን ከጓደኛዋ ጀርባ ላይ ትፈልገዋለች። እንቁላል የምትጥል ዶሮ መኖዋ ውስጥ ከመቶ 16 ወይም 17 ያህል ፕሮቲን ያስፈልጋታል፣ በቆሎ የዚያን ግማሽ እንኳ በቅጡ አይሰጥም። አቅሙ ያለው የተዘጋጀውን መኖ ይግዛ። እኔ አሁን ግማሹን እሱን አደርግና በተረፈው ላይ የኑግ ፋጉሎ፣ ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረውን፣ እጨምራለሁ። ከሐይቅ የሚመጣውን ዓሣ ስንገዛም ራሱንና አጥንቱን ቀቅዬ፣ አድርቄ፣ ወቅጬ በሳምንት ሁለት ቀን ትንሽ ትንሽ እሰጣቸዋለሁ። ትንሽ ያልኩት በምክንያት ነው፣ ከበዛ እንቁላሉ ዓሣ ዓሣ ይላል። የጨው እጥረትም ላባ ያስነጫል ይባላል፣ ግን እባካችሁ ጨው በራሳችሁ አትጨምሩ፣ ሲበዛ ዶሮ ይገድላል። የተዘጋጀው መኖ ውስጥ በልኩ አለ።

ሌላው ቅንቅን ነው። ዶሮዎቹ ማታ ቆጥ ላይ ሲቁነጠነጡ፣ እርስ በርስ ሲገፋፉ እሰማ ነበር። እማማ ነጭ ጨርቅ አምጪ አሉኝና ከመሸ በኋላ በስልኬ መብራት ገባን። ጨርቁን በእንጨቱ ሥር፣ በስንጥቁ ላይ ጎተት አደረጉት። ጨርቁ ላይ ቀይ መስመር ወጣ፣ እንደ ደም። የዶሮዎቹ ደም ነው እኮ፣ ቅንቅኑ ጠጥቶ ሞልቶ ነው። ቀን እንጨቱ ስንጥቅ ውስጥ ይደበቃል፣ ሌሊት ወጥቶ ይመጣል። ለዚህ ነው ቀን ላይ ዶሮዋን ብቻ ገልብጣችሁ ብታዩ የማታገኙት። ሌሊቱን ሙሉ ስትነከስና ስታክክ ያደረች ዶሮ ጠዋት ቁጡ ብትሆን ምን ይገርማል? ኩሱንና ገለባውን በሙሉ አወጣሁ፣ እንጨቶቹን ነቅዬ የፈላ ውሃ ስንጥቁ ውስጥ አፈሰስኩ፣ ግድግዳውን ኖራ ቀባሁት። በሳምንቱ ደገምኩት፣ ምክንያቱም የቅንቅኑ ዕንቁላል ይፈለፈላል። አንድ ጥግ ላይ ደግሞ አመድና ደረቅ አፈር በሳጥን አስቀመጥኩላቸው። ክረምት ላይ የሚንከባለሉበት ደረቅ መሬት አያገኙም። አመዱን ባስቀመጥኩ ዕለት ተራ እየተጠባበቁ ሲንከባለሉበት ዋሉ።

እንቁላል የሚጥሉበትን ቦታም ጨለም አድርጉት። ዶሮ እንቁላል ስትጥል ከኋላዋ ለጥቂት ጊዜ ቀይ ሆኖ ይታያል፣ ሌላዋ ያንን አይታ ከነቆረች ጉዳቱ ከባድ ነው፣ የምትሞትም አለች። ለአራት ለአምስት ዶሮ አንድ ቦታ ይበቃል። እኔ ሦስት ሳጥን አለኝ፣ ፊታቸው ላይ የጆንያ መጋረጃ ሰቅያለሁ። ዝናብ ሲበዛ ደግሞ ጥቅል ጎመን በገመድ አስሬ ከራሳቸው ትንሽ ከፍ አድርጌ እሰቅላለሁ። እሱን ሲነቁሩ ይውላሉ።

አንድ ነገር ላይ እንዳትሳሳቱ። የምትነቁር ሁሉ ክፉ አይደለችም። አንዴ አናቷን ነካ አድርጋ ካለፈች ደረጃዋን እያሳወቀች ነው፣ ተዋት። እንቁላል የታቀፈች ዶሮም ላባዋን ነፍታ፣ እየጮኸች እጃችሁን ብትነቁር ልማዷ ነው፣ ጫጩት ያላትም እንደዚያው። እነሱን ለብቻ ጸጥ ያለ ቦታ መስጠት እንጂ ሌላ ምንም አያስፈልጋቸውም። የምትፈሩት አሳድዳ ጥግ የምታስይዘውን፣ ከመኖ የምትከለክለውን፣ ደም የምታፈሰውን ነው።

አውራ ዶሮውም አንድ ጊዜ አስደንግጦናል። ትንሹ ልጄ ስድስት ዓመቱ ነው። እንቁላል ሊለቅም ሲገባ ከኋላው ዘሎ እግሩን በጥፍሩ ቧጨረው። ሴቶቹን የሚጠብቅ መስሎት ነው። ከዚያ ወዲህ ልጁ ብቻውን አይገባም። እኔም ለሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ አውራውን ይዤ፣ ክንፉን አጥፌ ብብቴ ሥር አድርጌ ግቢውን እዞር ነበር፣ እስኪረጋጋ። ሲመጣባችሁ አትሩጡ፣ አትርገጡትም። ብትሮጡ ያሸነፈ ይመስለዋል፣ ብትረግጡት ውጊያ ነው ብሎ ይመለሳል። የእኔው ተወው። የማይተው ካጋጠማችሁ ግን ትንሽ ልጅ ያለበት ቤት ውስጥ አታቆዩት። የሕፃን ፊት ለአውራ ዶሮ ጥፍር ቅርብ ነው፣ ዓይን ደግሞ አይተካም። እዚህ ላይ እኔ ምንም አላመነታም። ሁለት አውራ ለጥቂት ሴትም አትያዙ፣ ለስምንት ለአሥር ሴት አንድ ይበቃል። ሁለቱ ሲፎካከሩ ጀርባቸው የሚላጨው የሴቶቹ ነው።

አዲስ ዶሮ ስትገዙ ደግሞ እንደ እኔ በዚያው ማታ አትቀላቅሉ። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ሳምንት ራቅ አድርጋችሁ ለብቻ አቆዩ፣ ከገበያ ፈንግል የሚባለውን የዶሮ በሽታ ይዘው ከመጡ የነበሩትንም ይጨርሱባችኋል። የፈንግል ክትባት ቢያንስ ለነባሮቹ አስቀድማችሁ አስከትቡ። ቀጥሎ አንድ ሳምንት ያህል በሽቦ ለይታችሁ እየተያዩ ይዋሉ። ከዚያ ማታ ቆጥ ላይ አስቀምጧቸው። አንዲት ብቻዋን አታስገቡ፣ በትሩ ሁሉ እሷ ላይ ይወርዳል፣ ሁለት ሦስት ይሁኑ። ትንንሽ ቄብም ካደጉት ጋር አትቀላቅሉ፣ በቁመት እስኪደርሱባቸው ጠብቁ።

ገብስማዋ ዛሬም አለች። አንዳንዴ ጥሬ ስበትን አንገቷን ዘርጋ ታደርጋለች፣ ሳሶዎቹ ዞር ሲሉባት ትመልሰዋለች። ማታ ከቆጡ ዳር ሦስተኛ ናት። እንቁላሉ በቀን ወደ ስምንት ከፍ ብሏል። ነጯ አንገቷ ላይ ላባ አብቅላለች፣ አዲሱ ላባ ከአሮጌው ይልቅ ነጣ ይላል፣ የተነጨችበት ቦታ እስካሁን ያስታውቃል። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ታቅፋለች። ከእማማ ዶሮዎች የመጣ 11 እንቁላል አስቀምጬላታለሁ፣ 21 ቀኑ ሊሞላ አሥራ አራት ቀን ይቀራል። ትላንት ማታ ውሃ ላስቀምጥላት እጄን ስዘረጋ ላባዋን ነፍታ ጠቅ አደረገችኝ።